ባለቤቱ ሲመጣ እንግዳው ይነሳል

ሰኞ 5

የመመሪያውን ረቂቅ ዛሬ ለቢሯችን ዳይሬክተር ሰጠሁት። በእጁ ብድግ አድርጎ መዘነውና፣ "ይህን ሁሉ ወረቀት አላነብም፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገረኝ" አለኝ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ለማሰራጫ ድርጅቱ ከተሰጡት የቴሌቪዥን ቻናሎች አብዛኞቹ ዓመት ከዓመት ዝም ያሉ ናቸው። ሥዕልም ድምፅም አይወጣባቸውም። እንግዲህ ዝም ባለው ቻናል ሌላው ይጠቀምበት፤ ድርጅቱ ቻናሉን በፈለገው ሰዓት ግን ተጠቃሚው ወዲያው ይልቀቅ።

"ባለቤቱ ሲመጣ እንግዳው ይነሳል" አልኩት።

ወደደው። ሁለት ጊዜ ለራሱ ደገመው።

አሁን የቀረው ልኬት ነው። ባዶ ያልናቸው ቻናሎች በእርግጥ ባዶ መሆናቸውን በመለኪያው መኪና እየዞርን ማረጋገጥ አለብን። አንቀጽ ሰባት፦ በልኬት ወቅት ሥርጭት የተገኘበት ቻናል ባዶ አይባልም፣ ለጋራ አገልግሎትም አይውልም። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድርጅቱ እንዳያማርር ብዬ አጠበቅሁት።

እህቴ እታለም ከሰዓት ደወለች። ተራራ ላይ ባለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነች፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። ያላት የኢንተርኔት መስመር በባዶ ቻናሎች ላይ በሙከራ የዘረጋነው ብቻ ነው። የእርጉዞቹን ምስል ከተማ ላለው ሐኪም የምታሳየው በእሱ ነው። የሙከራው ፈቃድ ከልኬቱ ጋር አብሮ ያበቃል።

"ወንድምዬ፣ አይቆረጥብኝም አይደል?"

"እኔ እያለሁ?"

እንዲህ ማለት አልነበረብኝም።


እሑድ 11

ምሳ እማዬ ቤት። እንደ ሁልጊዜው ትንሹ ወንድሜ ዘግይቶ መጣ። አርባ ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ትንሹ ነው የምንለው። እሱ ማሰራጫ ድርጅቱ ውስጥ የማማ ቴክኒሻን ነው። ባለቤቴ፣ "አንዳችሁ ቻናል ጠባቂ፣ አንዳችሁ ቻናል ነጣቂ" እያለች ታሾፍብናለች። የመጀመሪያዋን ሬዲዮ አብረን ነው የፈታናት። እኔ ፈታኋት፣ እሱ ገጠማት። ከገጠማት በኋላ ነው የተሻለ የሠራችው።

የእማዬ ዐይን አልተሻለውም። ረቡዕ ረቡዕ መርፌ አለባት።

"የፊታችን ረቡዕ አልኖርም፤ አንተ ውሰዳት" አልኩት።

"እሺ ጋሼ። የት ነህ?"

"ግድቡ ጋ።"

"ስልክ ይሠራል? ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር ብዬ ነው።"

"ከተማው ውስጥ ይሠራል።"

ቢሯችን የልኬቱን መንገድ በምስጢር ይይዛል። ዳይሬክተሩ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ሾፌሩ ደግሞ ለነዳጅ ሲባል በዋዜማው ይነገረዋል። ግን የእናት ሐኪም ቤት ሌላ ጉዳይ ነው። ምስጢር የሚባለው ለባዳ ነው።


ረቡዕ 14

ግድቡ። በችኮላ።

ባዶ ብለን ከመዘገብናቸው ውስጥ አንዱም ባዶ አይደለም። ሁሉም በርቷል። ፕሮግራም የለም፤ ጣቢያ ሥራ ሲፈታ የሚያሳየው ባለ ቀለም ጭረትና ያ የማያቋርጥ ጩኸት ብቻ።

አንቴናውን አወረድኩ፣ ደግሜ ሰቀልኩ። ያው ነው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ጭረቱ ተደርድሯል። ባለቤቱ ከትናንት ወዲህ የመጣ ነው ይላል። ሾፌሩ (አፉ ስለማያርፍ ጡሩምባ ነው የምንለው) ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና፣ "ጥሩ ድራማ ነው። ተዋናዮቹ አይሳሳቱም" አለ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።


ኀሙስ 15

ተመለስኩ። እማዬን ሐኪም ቤት የወሰደቻት ባለቤቴ ናት። ትንሹ ጠዋት ደውሎ ሥራ ገጠመኝ ብሏታል። ደውዬ ተቆጣሁት።

"አንድ ቀን! በሳምንት አንድ ቀን አቃተህ?"

"ድንገት ላኩኝ ጋሼ። ምን ላድርግ፣ ተቀጣሪ ነኝ።"

ይሄን ልጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ እኔ ነበርኩ የምገረፍለት።


እሑድ 18

ትንሹ ሊክሰን አንድ ጆንያ ብርቱካን ይዞ መጣ። እማዬ አንዱን አንስታ አሸተተችው። ዐይኗ ከደከመ ወዲህ ሁሉን ነገር ታሸታለች።

"እንዲህ ያለ ብርቱካን ከየት ተገኘ?"

"መንገድ ላይ ነው የገዛሁት እማዬ።"

ባለቤቴ እየላጠች ነበር። "ቆዳው ስስ ነው። አምና አንተ ከግድቡ ያመጣኸው ዓይነት አይደል?" አለችኝ።

"ብርቱካን ያው ብርቱካን ነው" አልኳት።

ጣፋጭ ነው። ሦስት በላሁ።

የሚቀጥለው ልኬት የባቡር መገናኛዋ ከተማ ነው፤ እንደገና ረቡዕ ላይ ዋለ። ለትንሹ ነገርኩት፤ የእማዬን ነገር አደራ አልኩት። "በእኔ ይሁንብህ፤ የት ነው ያልከኝ?" አለ። ደግሜ ነገርኩት። አሁን ስጽፈው ነው ሁለት ጊዜ መናገሬን ያስተዋልኩት። ቢሆንም እሱ ከልጅነቱም ነገር አንዴ ሲነገረው አይሰማም።


ረቡዕ 21

የባቡር መገናኛዋ ከተማ። ጭረት። ሁሉም ላይ ጭረት።


ኀሙስ 22

ዳይሬክተሩ ጠራኝ። የሕግ ክፍል ባለሙያዋም ነበረች።

"ባዶ ያልከው ሁሉ ሞልቷልሳ!"

"ሰው የሚያየው ነገር የለበትም። ለማስመሰል ነው የሚያበሩት።"

"መመሪያህ ስለ ተመልካች የሚለው ነገር አለ?" አለች የሕግ ባለሙያዋ። "'ሥርጭት የተገኘበት' ነው የሚለው። ጭረትም ሥርጭት ነው። አንቀጽ ሰባት ያንተ እጅ ነው።"

ተንኮለኛ አይደለችም። ልክ ነች። እሱ ነው የሚያናድደው።

ሌላው ጥያቄ ዳይሬክተሩ የጠየቀው ነው፦ በምንለካበት ቦታ፣ በምንለካበት ቀን የሚያበሩት እንዴት አውቀው ነው? ሌላ ቀን ሁሉ ዝም ነው ይላሉ ነዋሪዎቹ። ያለ ምክንያት ማማ ማብራት ደግሞ ወጪ ነው፤ ማንም ዝም ብሎ አያበራም። የሆነ ሰው መንገዳችንን ይነግራቸዋል።

እማዬን ዛሬም ባለቤቴ ነች የወሰደቻት፤ ትናንት አልሆነም፣ ዛሬ ሐኪም ቤቱን ለምነው ገቡ። ትንሹ ሥራ ገጥሞት ነው።


ዓርብ 23

ስም አልጠራሁም። ይህ ይመዝገብልኝ፤ የማንንም ስም አልጠራሁም። ዳይሬክተሩ "መንገዱን ማን ማን ያውቃል?" ሲለኝ፣ "ሦስት ነን። ሁለቱ እኔና አንተ ነን" አልኩት። እውነት ነው። ቁጥር ነው የነገርኩት።

እሱ እስክሪብቶውን ከደነ።


ሰኞ 26

ጡሩምባን ከመለኪያው መኪና አንስተው ጋራዥ አስገቡት። ጎማ ያጥባል። በጋራዡ በኩል ሳልፍ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለሌሎቹ ሲናገር ሰማሁት፦

"ጡሩምባ አሉኝ። እሺ። ጡሩምባ እኮ የሚጮኸው ነፊ ሲኖር ነው። ነፊውን ፈልጉ።"

መኖሬን ሳያውቅ አይቀርም። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

አፉ ሰፊ ነው። ግድቡ ጋ ሻይ ቤቱን ሁሉ ሲያስቅ አልነበረም? ለአንድ ሲጋራ ሁሉን የሚያወራ ሰው ነው። ማን ጋ እንዳወራ እሱም ላያስታውሰው ይችላል።

ትናንት ምሳ ላይ ይህንኑ ስናገር ትንሹ፣ "ሾፌሮች እንዲህ ናቸው" አለ። ከዚያ ብዙም አልበላም። በዚህ ሳምንት ወደ እታለም በኩል እንደምንወጣ ነግሬዋለሁ። "እሷን ታያታለህ ማለት ነው" አለኝ፤ መንገዱ ከተመቸ አልኩት።


ረቡዕ 28

ከእታለም ተራራ በታች፣ ሸለቆው ውስጥ ነኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል። መኪናው መሻገር አልቻለም፤ ከማዶ ሆነን ለካን።

ተራራው ጫፍ ላይ አሮጌ ማማ አለ። ለዓመታት የሞተ ነው፣ አሞራ ነው የሚሰፍርበት። ዛሬ ግን ተነሥቷል። በሁሉም ቻናል ላይ ጭረት እየረጨ ነው።

አዲሱ ሾፌር አይናገርም። መስኮት ከፍቶ ዝናቡን ያያል። ጡሩምባ ጋራዥ ውስጥ ነው። ለአዲሱ መንገዱ የተነገረው ዛሬ ማለዳ ነው። ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

የጤና ጣቢያው መሣሪያ የተሠራው በረቂቁ መሠረት ነው። ባለቤቱ ቻናሉን ሲያበራ መሣሪያው ራሱ ወደ ሌላ ባዶ ቻናል ይዛወራል። ሌላ ባዶ ከሌለ ይጠፋል። ማንም አይነካውም፣ ራሱ ይጠፋል። ይህን ያሳመርኩት እኔ ነኝ፤ በአንድ ስብሰባ ላይ አጨብጭበውልኛል።

ከወዲህ ማዶ የእታለም ጤና ጣቢያ ቆርቆሮ ይታየኛል። ብጮህ አትሰማኝም።


ዓርብ 30

እታለም ደወለች። መስመሩ ተመልሷል።

ድምጿ ደርቋል። እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ምጥ ላይ ነበረች። ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። እታለም ምስሉን ለሐኪሙ እያሳየች፣ እሱ እጇን የት እንደምታደርግ እየነገራት ነበር። "አሁን አትጎትቺ፣ ቆይ፣ ስነግርሽ" አላት። ከዚያ መስመሩ ጠፋ። ስነግርሽ እንዳለ ጠፋ።

ጠበቀች። ቆይ ስላላት ጠበቀች።

ሴትየዋን በጭነት መኪና በላይኛው መንገድ አዞረው አወረዷት። እሷ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም።

"እኔ ነኝ የጠበቅሁት" አለችኝ። "ባልጠብቅ ኖሮ..."

"አንቺ ምን አደረግሽ" አልኳት።

ከዚያ ወሬ ለመለወጥ ያህል እንዲህ አለችኝ፦

"ትንሹ እንኳ የዚያን ቀን እዚሁ ነበር። አልነገረህም? አሮጌውን ማማ ሊጠግን ሰኞ ነው የወጣው። ረቡዕ ወርዶ ምሳ አበላሁትና ተመልሶ ወጣ። መስመሩ ሲጠፋ ሰው ልላክበት ብዬ ነበር፣ ያውቅበታል ብዬ። ጭቃው አላስወጣ አለ እንጂ።"

"ጥሩ አደረግሽ" አልኳት። "ማብላትሽ ጥሩ ነው።"

የእማዬ የዐይን ጠብታ አልቋል። ነገ መግዛት።


ቅዳሜ 1

ቴክኒሻን ነው። አሮጌ ማማ ቢጠግን ሥራው ነው።

ጠብታውን ገዛሁ።


እሑድ 2

ምሳ። ትንሹ ስለ ተራራው ምንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። እታለም እንዴት ነች አለችን እማዬ፤ ደህና ነች አልን ሁለታችንም።

"ረቡዕ የት ነህ ጋሼ?"

"ድልድዩ ያለባት ከተማ።"

ሆን ብዬ አይደለም የነገርኩት። ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።


ሰኞ 3

ዓመት ፈቃድ ወሰድኩ። ትንሿን መለኪያ በቦርሳ ይዤ በአውቶቡስ ድልድዩ ከተማ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴም። ከአንድ ባለ ፎቅ ሆቴል ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ውስጥ ተሽሎክልኬ አንቴናዋን ዘረጋሁ። አስተናጋጇ፣ "አባባ፣ ኳስ ለማየት ከሆነ ታች ዲሽ አለ" አለችኝ።

ሁሉም ዝም ነው። ከዳር እስከ ዳር ባዶ። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ካየሁ ቆየሁ።


ረቡዕ 5

ድልድዩ ከተማ፣ አሁን በመለኪያው መኪና። ጭረት። ከሰኞ ወዲህ ሁሉም በርቷል።

ሾፌሩን ወደ ማማው መንገድ ንዳ አልኩት። አጥሩ ጋ ሳንደርስ አስቆምኩት። የትንሹ መኪና ማማው ሥር ቆማለች። የኋላ መብራቷ በፕላስተር የተለጠፈ ነው። የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ አምና ከእማዬ ግቢ ወደ ኋላ ስወጣ። አሠራልሃለሁ ብዬው ሳላሠራለት ቀረሁ።

"ልግባ?" አለኝ ሾፌሩ።

"አይ። ተመለስ።"

ሰውየው ምንም አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ከጥያቄ ይብሳል።


እሑድ 9

በምሳው ጠረጴዛ ላይ አልሆነም። ሣህን ሲነሣ ትንሹን ወደ ጓሮ ጠራሁት። እማዬ ሳሎን ነች፤ ዐይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ ስለት ነው፣ ስለዚህ የተነጋገርነው በሹክሹክታ ነው።

"ረቡዕ መኪናህን አየኋት።"

አልካደም። አንድ ጊዜ ወደ ሳሎኑ መስኮት አየ።

"ቻናሎቹ ከተወሰዱ የኛን ክፍል ያጥፉታል ጋሼ። ማማ የሌለው የማማ ቴክኒሻን ምን ይሆናል? የክፍሉ ኃላፊ እናደርግሃለን አሉኝ።"

"አይወሰዱም። በጋራ ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩህ?"

"ለአንተ በጋራ ነው። ለእነሱ የተወሰደ ነው። እኔ ባላበራው ሌላ ሰው ይልኩ ነበር።"

"ሌላ ሰው መንገዴን አያውቅም።"

ያንን የልጅነቱን ፊት አመጣ፤ ሲያጠፋ የሚያመጣውን።

"አልሰረቅሁህም እኮ። አንተ ነህ የነገርከኝ።"

"ለእናታችን ሐኪም ቤት ብዬ ነው የነገርኩህ!"

"ቀስ በል፣ ትሰማለች።"

ቀስ አልኩ። እንዲያውም ከእሱ ይልቅ ቀስ አልኩ። ተራራው ላይ ምሳ በበላበት ቀን ምን እንደሆነ ነገርኩት። ሴትየዋን፣ መስመሩን፣ ልጁን። አያውቅም ነበር። ይህን አይቻለሁ፣ አያውቅም ነበር። እጁን ግድግዳው ላይ አደረገ። ከዚያ ግን እንዲህ አለ፦

"መሣሪያችሁ ወደ ሌላ ቻናል መዞር ነበረበት። የእናንተ ሥራ ነው።"

"የት ይዙር? ሁሉንም ነው ያበራኸው።"

ወደ ሌላ ነገር ዞረ።

"ስትናገር መጀመሪያ የምትጠራው የራስህን ስም ነው። መንገዱን ማን አወጣ ሲሉህ ምን ትላለህ? ሾፌሩ ልትል ነው? እሱንማ ጋራዥ ከተትከው።"

"ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?" አለች እማዬ ከውስጥ።

"ስለ ጣሪያው ነው እማዬ!" አልን።

እኩል ነው ያልነው፣ እኩል፣ ቃል በቃል። እንደ ልጅነታችን። ከሁሉም ይህ ነው ያሳመመኝ።


ማክሰኞ 11

ለባለቤቴ ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ሰማችኝ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ረቡዕ።"

"የትኛው ረቡዕ?"

"ድልድዩ ከተማ። መኪናውን ያየሁ ቀን።"

የአንዱን ሸሚዝ እጅጌ አጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለች።

አላውቅም ነበር። ምን ለማለት እንደፈለገች ጠየቅኳት፣ ልብሱን ይዛ ወጣች። ሰው ወንድሙን እንዴት ይጠረጥራል? የማያውቁትን ይጠረጥራሉ። ሾፌሩን የጠረጠርኩት አፉ ስለማያርፍ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አላውቅም ነበር።

ኀሙስ ስብሰባው ነው። ዝም ካልኩ አንቀጽ ሰባት ሥራውን ይሠራል፤ ባዶ ቻናል አልተገኘም ተብሎ ረቂቁ ይቀራል፣ የእታለም መስመር በፈቃዱ ማብቂያ ይቋረጣል። ከተናገርኩ በቢሯችን ደንብ መንገዱ የወጣበት ልኬት ውድቅ ይሆንና በሌላ ቡድን፣ ሳይነገር፣ እንደገና ይለካል። መንገዱን ያወጣው ሰው ደግሞ ከሥራው ይታገዳል።

ሁለቱንም ደንብ አውቃቸዋለሁ። ሁለተኛውንም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ትንሹ አልደወለም። ስልኩን ጎኔ አድርጌ ነው የዋልኩት።


ኀሙስ 13

ተናገርኩ።

ዳይሬክተሩ ስብሰባውን የከፈተው፣ "ባለቤቱ ሲመጣ እንግዳው ይነሳል፤ እኔ ሁልጊዜ እንደምለው" ብሎ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እጄን ሳነሣ ድጋፍ የምሰጥ መስሎት ፈገግ አለልኝ።

ቆሜ ነው የተናገርኩት። የልኬቱን መንገድ ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። ለወንድሜ ነው የነገርኩት፣ እሱም የማሰራጫ ድርጅቱ ቴክኒሻን ነው አልኩ። ሾፌሩ የለበትም አልኩ። ድልድዩ ከተማ ሰኞ የለካሁትንና ረቡዕ የለካሁትን ጎን ለጎን አሳየሁ። ተራራ ላይ የሆነውንም ተናገርኩ፣ ግን አሳጠርኩት።

የድርጅቱ ተወካይ፣ ሽቶው በሩቅ የሚሸት ሰው፣ ላፍታም አላሰበበት። "ድርጅታችን ይህን አያውቅም። አንድ ቴክኒሻን በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነው። አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድበታል" አለ።

በራሱ ፈቃድ! በሁሉም ከተማ፣ በሁሉም ማማ፣ በራሱ ነዳጅ! የክፍል ኃላፊ እናደርግሃለን ያሉት እነዚህ ናቸው። ልጮህበት ነበር። ለትንሹ ብዬ ልጮህ ነበር፣ አሁን ከከሰስኩት በኋላ። ተቀመጥኩ።

ልኬቱ ውድቅ ሆነ። እንደገና እስኪለካ የጤና ጣቢያው ፈቃድ ተራዘመ። የሕግ ባለሙያዋ አንቀጽ ሰባት ላይ "ለተመልካች የቀረበ ፕሮግራም ያለው" የሚል እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበች፤ ተቀበሉት። አራት ቃል ናት። እኔ ጽፌያት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

እኔ ከነገ ጀምሮ ታግጃለሁ። ዳይሬክተሩ በር ላይ፣ "ምን ነበረበት ቀደም ብለህ ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ?" አለኝ። መታገዴ አይደለም የከፋው። እሱ ለእኔ ብቻ ቢነገረው ምን ያደርግ እንደነበር አውቃለሁ።


ዓርብ 14

ዕቃዬን ልወስድ ገባሁ። ጡሩምባ ወደ መኪናው ተመልሷል፤ መስታወት ይወለውላል። ይቅርታ ልጠይቀው ቆምኩ።

"እዚህ አይደለም" አለኝ፣ ጨርቁን ሳያቆም። "ጋራዥ ግቡና እዚያ ተናገሩ ጌታዬ። እነሱ ፊት ነው ሌባ የሆንኩት።"

ድሮ አንተ ነበር የሚለኝ።

ጋራዥ ገባሁ። ተናገርኩ። ጎማ የሚያጥቡት ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንዱ "እሺ" አለ።


እሑድ 16

ትንሹ ምሳ አልመጣም። የቀጠሩት ሰዎች ትናንት አባረውታል፤ ይህን የሰማሁት ከሰው ነው። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሲጠራ ይቆይና ይዘጋል።

ለእታለም ዛሬ ነገርኳት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብዬ ነው። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። መስመሩ ጥርት ያለ ስለነበረ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።

"ምሳ ያበላሁት ቀን ነው?" አለች።

"አዎ።"

"እጁን ሲታጠብ ውሃ ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ።"

ዘጋችው። መስመሩ አልጠፋም፤ እሷ ናት የዘጋችው። ልዩነቱን አውቀዋለሁ።


ረቡዕ 19

እማዬን ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ረቡዕ ሁሉ የእኔ ነው።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ስለ ጥርስ ሳሙና ያወራል። እማዬ ክንዴን ይዛ ነበር፣ መርፌውን ትፈራለች፣ እፈራለሁ ግን አትልም።

"ትንሹስ?"

"ሥራ ገጥሞት ነው።"

ወዲያው ነው ከአፌ የወጣው። የእሱን ቃል ነው የተናገርኩት፣ በእሱ ድምፅ ማለት ይቻላል።

"በዚህ ወቅት ሥራ በዛባችሁ" አለች። ቀጠለችም፦ "ያቺ ብርቱካን ነፍሴ ውስጥ ቀርታለች። ያኔ ያመጣት። ከየት ነበር?"

"ከግድቡ" አልኳት።

ማንም አልነገረኝም። እሱ ከመንገድ ላይ ነው ያለው። ከግድቡ ነው ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ ደብተር ላይም አልጻፍኩትም። አሁን ግን ቃሉ ሲጠበቅ እንደቆየ ሰው በሩ ሲከፈትለት ገባ።

እማዬ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ምን ያህል እንደምታይ አላውቅም።

"አንተስ ያን ሳምንት ግድቡ አልነበርክ? እንግዲያው አብራችሁ ነበራችኋ።"

ነርሷ ብቅ ብላ ተራዋ መድረሱን ነገረችን። እማዬን ደግፌ አስነሣኋት።

"አዎ እማዬ" አልኳት። "አብረን ነበርን።"